ጀርባዬን ሰጥቼ

ወደቡ ላይ ሆኜ መረቤን ስጠግን፣
ጎረምሶች መጥተው ይከቡኛል እኔን፤
«አባ ስሚኩቶስ፣ በሳላሚስ ወሽመጥ
ምን አየህ ያን ጊዜ፣ ባሕሩ ሲናወጥ?»

ምን አየሁ ልበላቸው?
ሦስት ደርብ ነው መርከቡ፣ እኔ ከሥር ነበርሁ፣
የበላዮቼን ላብ ባናቴ ተቀበልሁ።
ከፊቴ ሚክዮን፣ የሸክላ ሠሪው ልጅ፣
ከትከሻው መሐል አንድ ኪንታሮት እንጅ
ሌላ የማየው የለኝ።

ቀዛፊ ሲቀመጥ እንዲህ ነው ሥርዓቱ፤
ጀርባው ወደ ጦሩ፣ ወደ ኋላ ፊቱ።
ጀርባውን የሰጠ ፈሪ ነው ይላሉ፤
እኛ ጀርባ ሰጥተን ገባን ከመሐሉ።

ከተማችን ነድዳ ቀናት ሆኗት ነበር፣
ጢሷ እየተከተለን እስከ ደሴቱ ዳር።
ከቤቴ የቀረኝ የምቀመጥባት
የበግ ቆዳ ትራስ፣ አንዲት ቁራጭ ናት።

«ወደ ኋላ» ሲሉን ወደ ኋላ ሄድን፤
ሸሽተን ይሆን አልሁኝ፣ ማንም አልነገረን።
ከዚያ «ወደፊት!»
ሳብ። ሳብ። ሳብ።
እንጨት በእንጨት ገባ፤ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ።

በመቅዘፊያው ቀዳዳ፣ መዳፍ በምታክል፣
ባሕር አየሁ፤ ከባሕሩም ሰው።
የሲዶን ይሁን የግብፅ አላውቅም አገሩን፣
ያወቅሁት እጁን ነው፤
መጅ ያወጣ፣ እንደኔው፣
የቀዛፊ እጅ።
መቅዘፊያዬን ያዘ።
ዋሽንቱ «ሳብ» አለኝ።
ሳብሁ።
አንድ ሰው ከበደኝ።
ደግሞ ሳብሁ፤
ቀለለኝ።

ሉሲላ፣ ሚስቴ፣ ሕፃን አዝላ ከጉብታው ቆማ ነበር፤
እሷስ ታየው ነበር ሁሉን።
«የቱ መርከብ ውስጥ ነህ እያልሁ ስፈልግህ
ጦርነቱ አለፈኝ» ትላለች።

በማግስቱ ባሕሩ ሬሳና ሳንቃ ወደ ዳር ሲያወጣ
እኛ ገና አልገባንም።
ኋላ ነው በወሬ፣ በቁርጥራጭ የሰማን፤
ስንቁ በመርከብ የሚመጣለት ጦር
በየብስ ላይ ተራበ፤
ገብስ ያጣ ፈረስ አንገቱን ደፋ።
ለካ መርከብ ሲሰምጥ
ተራራ ላይ የሰፈረውም ወታደር አብሮ ይሰምጣል።

«ያን ለት የጠላት ወሽመጥ በወሽመጥ ተቆርጦ፣
ጦርነቱ ዞረ መንገዱን ለውጦ»
ይላሉ አዋቂዎቹ ገበያው መሐል ቆመው።
እውነት ነው።
መሬት የሌለው ድሃም ከዚያ ወዲህ
በሸንጎ እጁን ሲያነሣ «አንድ» ተብሎ ይቆጠራል።
እኔም አነሣለሁ፤
ይህንኑ እጅ።

ልጆቹ ግን «ምን አየህ?» ሲሉኝ
«ቀለለኝ» እላቸዋለሁ።
እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሽማግሌው ዘባረቀ።
ያ ቅለት ነው፣ ልጆቼ፣
እስከ ዛሬ እጄን የሚከብደኝ።

በሉ፣ ያንን የመረብ ጫፍ
ወዲህ አቀብሉኝ።