ስለ ቁርቁራው የቀረበ ማመልከቻ

ለቤት ሸአን ከተማ፣ ለመሐንዲሱ ክፍል፤
ጉዳዩ፦ ቁርቁራው በመጋዝ እንዳይጣል።
አመልካች፦ እናኑ ይስማው እባላለሁ፤
የጣቢያውን መንገድ በየዕለቱ እጠርጋለሁ፣
ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ እስከ ረፋድ ድረስ
አቧራ ሳራግፍ፣ አቧራ ስለብስ።

ትናንት አንድ ጎረምሳ ቀለም ይዞ መጣ፣
ግንዱን ቀይ ለቀለቀው፣ ቁጥር ጽፎ ወጣ።
«ምን አጠፋ?» አልኩት። ወረቀት ሰጠኝ፤
ዕብራይስጡ ቢጠጥር ልጄ አነበበችልኝ፦
«ፍሬው ይንጠባጠባል፤ እሾሁ ይወጋል፤
አበባው ሲወጣ ንብ ይሰበስባል፤
ጠራጊዋም ሴትዮ ትቸገርበታለች።»
እዚህ ላይ ስትደርስ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

ጠራጊዋ ሴትዮ እኔው አይደለሁ ወይ?
መቼ ነው የከሰስኩት፣ በምድር በሰማይ?

እውነት ነው፣ ይወጋል። አምና ጓንቴን በስቶ
ጣቴ ሰነበተ እንደ ድንች ተነፍቶ።
የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም
ይባላል፤ እኔ ግን ነገሩን አላነሳም።

ነሐሴን አስቡት።
ያደግሁበት ነሐሴ ጎርፍ ነው፣ ጭቃ ነው፤
የዚህ አገር ነሐሴ የምድጃ አፍ ነው።
የብርቱካኑ አበባ በሚያዝያ አለቀ፣
ሱፉ አንገቱን ደፋ፣ ሣሩ ነዶ ደቀቀ፣
ሜዳው እንደ ቆየ ቂጣ ተሰነጣጠቀ።
ንብ ያን ጊዜ ምን ትቅመስ? የማንን ደጅ ትጥና?
እሾሃሙ ብቻ ነው የሚላት «ነይ፣ ግቢና»።

አበባ ስላችሁ ጽጌረዳ አይደለም፤
ከምስር አይበልጥም፣ ፎቶ አያስነሣም።
ቢጫ ነው እንዳልል አረንጓዴ ሆነ፣
አረንጓዴ እንዳልል ቢጫው ሸፋፈነ፤
መሐሉ ግን እርጥብ ነው፣ እንደ ሕፃን ከንፈር፣
ያብለጨልጫል በጧት ጠብታ ሲቋጥር።

ጎህ ሲቀድ መጥረጊያዬን ግንዱ ላይ አስደግፌ
ትንሽ እቆማለሁ ሥራዬን አሳልፌ
(ይህችን ከደሞዜ ብትቀንሱም ቅር አይለኝ)፤
ቅርንጫፉ በሙሉ ያጉተመትምልኛል፣
ቄሶቹ በሰንበት ዋዜማ ሲጸልዩ
ከውጭ ሆኜ የምሰማው ዓይነት፤
ቃሉ አይለይም፣
ግን ሰው እንዳለበት ይታወቃል።

ኦቫድያ ንብ አርቢው፣ የየመኖቹ ልጅ፣
አርባ ቀፎ አለው ከባቡር ጣቢያው ደጅ።
«ይህ ዛፍ ባይኖር» ይላል «ስኳር ነው ’ማበላው፤
ስኳር የበላች ንብ ክረምቱን አትወጣው።»
ማሩ ጠቆር ያለ ነው፣ ቴምር ቴምር ይላል፤
«አያቴ» ይለኛል «ለዚህ ግመል ሸጧል።»
ውሸት ይመስለኛል፤
ማሩ ግን ያስምላል።

እሱ ሼዛፍ ይለዋል፤ እኔ ግን ቁርቁራ
ብዬ ነው የማውቀው፣ ከትውልዴ ቋራ፤
ፍሬውን በቀሚሴ ለቅሜ እበላ ነበር።
እዚህ ስመጣ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ቀድሞኝ፤
ማንም «ቋንቋ ተማር» አላለውም፤ አስቀናኝ።

መኪና ማቆሚያ ጠባብ ነው፤ አላጣሁትም።
መኪና ግን ተርቦ ሲሞት አላየሁም።
ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርሃን ሠረቀ ነው፤
ፖም በማር ነክራችሁ «ዓመቱ ይጣፍጥ» ስትሉ
ጣታችሁን ስትልሱ፣
ከየት መጣ በሉ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ማታ በጨርቅና ቤንዚን
ቀለሙን ላጥፋው ብዬ ሄጄ ነበር።
አልለቀቀም። ሰባቱ ብቻ ትንሽ ደበዘዘ፤
አሁን አንድ ይመስላል፤
ሌላ ዛፍ እንዳትቆርጡ በስሕተት፣
ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፍሬው ይጠረጋል፤ ይኸው ነው ሥራዬ።
አባሪ፦ አንድ ብልቃጥ ማር፣ ከኦቫድያና ከእኔ።
ክዳኑን ስትከፍቱ ቀስ በሉ፣ ይንጠባጠባል፤
ጠረጴዛው ላይ ከፈሰሰ
ጥሩኝ፣ እመጣለሁ፤
ጠራጊዋ ሴትዮ
እኔ ነኝ።