ውሃው ለምን ቆየ?

ኩልዲጋ ከተማ፣ በየካቲት ብርድ፣
ሰፊው ቬንታ ወንዝ ግማሹ ሲረጋ ግማሹ ሲወርድ፣
ስምንተኛ «ለ» ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
መብራት አጥፉ አልኩኝ፣ ነበልባሉ እንዲታይ።
ሳህን ላይ ውሃ፣ ውሃው መሃል ሻማ፣
ጥቂት ጠብታ ቀለም፣ ኋላ ላሉት ዓይን እንዲስማማ፤
ብርጭቆ ደፋሁበት።
እሳቱ ተጨነቀ፣ አነሰ፣ ነፍሱ ወጣችበት።
ውሃው ሽቅብ ወጣ።
«አያችሁ?» አልኳቸው፣ «ኦክስጅን ሲታጣ
ባዶውን ሊሞላ ውሃው ገሰገሰ፤
ካምስት እጅ አንዱን ነው፣ ልኩ እዚህ ደረሰ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ አልኩት፣
ባንድ ዓይነት ድምፅ፣ ባንድ ዓይነት ኩራት።
ከደብተር ወደ ደብተር እንደ ጸሎት ዞሯል፤
ያስተማርኳት ልጅ ወልዳ፣ ልጇም እኔው ዘንድ ይማራል፣
እሷም ያንን ጽፋለች፣ እሱም ያንን ጽፏል።

ማዳራ እጇን አወጣች።
ከማሞቂያው ጥግ የምትቀመጠው፣
ጓንቷን ብረቱ ላይ የምታደርቀው፣
ከሰው እምብዛም የማታወራው።
«መምህር፣ አንድ ነገር።
እሳቱ ሲነድድ ውሃው ዝም ብሎ ነበር።
የወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው።
ውሃው ለምን ቆየ?»

አፌን ከፈትኩት። መጽሐፉ አልመጣ።
አርባ ስምንት ዓይን ከሳህኑ ተነሥቶ እኔ ላይ ወጣ።
ደወል አዳነኝ።
አዳነኝ? ወይስ ዕዳ አሳደረብኝ?

ያን ሌሊት ማዕድ ቤት ሻማዬን ለኮስኩ፣
አምስቴ ብርጭቆ ደፋሁ፣ አምስቴ ዝም አልኩ።
እውነቷን ነው። ውሃው ይጠብቃል፣
እሳቱ እስኪሞት ድረስ ደጅ ይጠናል።
ይህ ለማን ይነገራል? ለርእሰ መምህሩ?
ለሱፐርቫይዘሩ፣ ለቅጹ፣ ለቁጥሩ?
«አላውቅም» የሚል ሣጥን የለውም ወረቀቱ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ ፓቪሎስታ ወረድኩ፣ ጉናርስ ዘንድ።
ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
የጀልባ ማደሪያ በነበረች ክፍሉ
በወር አንድ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፣
አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ሦስት፣
አንዱ የተሰነጠቀ ሌንስ፣ አንዷ የሞተ ባትሪ፣
ሁላችንም ያልገባንን ይዘን።
በሩ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፦
«ያልገባው ይግባ።»

ጉናርስ አልመለሰልኝም። ብርጭቆ አቀበለኝ።
«ስትደፊው ጠርዙን እይ» አለኝ።
አየሁ። አረፋ። ትንንሽ፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፤
እሳቱ ያሞቀው አየር፣ ቦታ ጠቦት፣ ሲያመልጥ ሲሾልክ።
ኋላ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር በረደ፣
ተኮማተረ፣
ያኔ ነው ውሃው የገባው።
ኦክስጅኑማ ገና ተርፎ ነበር።

ዳግኒያ፣ የአልሱንጋዋ፣ «እኔም አሥራ ስድስት ዓመት!»
ብላ ሣቀች፣ ሣቋ እንደ ክብሪት
ካንዳችን ወዳንዳችን ተያያዘ።
እኔ ግን ሳህኑን አየሁ።
ወርቅ ነው ብዬ ስንት ዓመት ያደልኩት
ሰም ነበረ፤ ይኸው፣ ቀልጦ፣ ጠረጴዛ ላይ።

ሰኞ፣ ሰሌዳው ላይ፣ በትልቁ፦
«ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው።»
ጣሪያው አልወደቀም።
ተኝቶ የሚውለው ኡልዲስ ብቻ ቀና አለ።
«መጽሐፉስ?»
«መጽሐፉንም እንደኔ ያለ ሰው ነው የጻፈው።»
ለየጠረጴዛው ብርጭቆ።
ማዳራ አንድ ሻማ፣ ሁለት ሻማ፣ ሦስት፤
ብርጭቆው ያው፣ አየሩም ያው፣
ውሃው ግን በየጊዜው ከፍ፣ ከፍ አለ፤
ልጆቹ በማስመሪያ ለኩት፣ ተጣሉበት፣ እንደገና ለኩት።

ደወሉ ሲደወል ጓንቷን እያጠለቀች፦
«ኦክስጅን ከተረፈው፣ ሻማው ታዲያ ለምን ሞተ?»
«አላውቅም» አልኳት። ቃሉ ምላሴ ላይ አልከበደም።
ወጣች። ሳህኖቹን ሰበሰብኩ፣
የቀለም ውሃ እጅጌዬን አራሰኝ፣
ቀኑንም ቆጠርኩ፤
ለጉናርስ ቅዳሜ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል።