ስም በሰም

መኸለን ከተማ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣
ሥራዬ ፊደል ነው፣ ከምድጃው በላይ፤
የንብ ሰም ቆርጬ፣ በአውራ ጣቴ አሙቄ፣
በሸክላው ደወል ላይ
ስም እለጥፋለሁ፣ ትንፋሼን ጠብቄ።
«ፈርሁልስት ሠራኝ» ይላል፣ ወገቡን ዞሮ እንደ አክሊል አበባ፤
ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል፣ ስሙ ይቀራል፣ ነሐሱ ሲገባ።

ሽማግሌው ፈርሁልስት በጥር ብርድ ሞተ።
ማን ደብዳቤ አየ ያን ሰሞን፣ ማንስ ኢሜይል ከፈተ?
«አሥራ ሁለት ዩሮ ይክፈሉ፤ የድረ ገጽዎ ስም
ዛሬ ያበቃል።» ሳይከፈል ነጋ።
እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ሰው ወሰደው፣ በዚያው በርካሽ ዋጋ።
ባለቤቱ ገና አፈር ሳይቀምስ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ፤
መዋሉንስ ይዋል፣
ማን ጋ እንደሚያድር ግን አልነገሩን፣ ዝም አሉ።

ከአርባ ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣልን፦
«አርባ ሺህ ዩሮ ብቻ፤
ስማችሁን ግዙ» ተብሎ ተጻፈልን።
«እምቢ ካላችሁም ገዢ አለ።» አልዋሸም።
ገጹ ላይ የእኛው ምድጃ፣ የሽማግሌው ፈገግታ፣
ከሥሩ የቆርቆሮ ደወል፣ በጅምላ፣ በአንድ ጠቅታ።

ልጁ ግሪት አላለቀሰችም።
የቅድመ አያቷን ደረሰኝ፣ የንግድ ምልክቱን ማኅተም
አንድ በአንድ ሰካች፣ ሳትቸኩል፣ ሳትደክም።

ሰውየው መልስ ጻፈ፦ «ሁልስት ማለት ዛፍ ነው፤
ቅጠሉ እሾሃም፣ ውርጭ የማያረግፈው።
ዛፍ የማን ርስት ነው?»
ለአንድ ቀን ያህል እኔም፣ እውነት ለመናገር፣
«ልክ ሳይሆን ይቀራል?» ስል ነበር።

ዳኛው ጄኔቭ ነው፤ ፊቱን አላየነው።
ስሙ ይመሳሰላል? ሰውየው መብት አለው?
በክፉ ልብ ነው ወይ ስሙን የወሰደው?
ልብ በወረቀት ላይ፣ በምን ይመዘናል?
ዳኛው ግን ጻፈ፦ «ዛፍ የወደደ ሰው
የደወል ፎቶ ለምን ይሰርቃል?»

ስሙ ተመለሰ። ግሪት የዐሥር ዓመት ክፍያ ከፈለች፣
ደረሰኙን ከአባቷ መነጽር ጋር አስቀመጠች።

በሚያዝያ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳጥን መጣ፤
ተሰንጥቆ፣ ድምፁ እንደ ባዶ ጣሳ፣
የቆርቆሮው ደወል ከውስጡ ወጣ።
«የእናንተ ሥራ ነው፣ አድሱልን» ይላል።
አይደለም ማለት ይቻል ነበር። ማን ይፈርድብናል?
ግሪት አገላብጣ ስሙን በጣቷ ዳሰሰች፦
«በዚህ ስም አምነው ነው የገዙት» አለች፤
«ሰም ቁረጥ።»

ቆረጥኩ። ለጠፍኩ። ነሐሱ ፈሰሰ፤
እስኪበርድ ድረስ ከጉድጓዱ አፍ ቆመን፣ ሌሊቱ ገሠገሠ።

ያን ለሊት ስሙ የት እንዳደረ አውቃለሁ።