ሃምሳ አራት

ሐዋሳ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከባጃጁ ተራ፣
ሁለት በሁለት ናት የምውልባት ስፍራ።
ታፔላዬ ቀይ ነው፣ ስሜ ተጽፎበት፣
«ትብለጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት»፤
ከሥሩ በትንሹ፦ ላሚኔት፣ ጉርድ ፎቶ፣
ገንዘብ እንልካለን፣ ካርድም አለ ሞልቶ።

ቀኝ እጄ ፊደል ሲለቅም፣ ግራዬ ብር ሲቆጥር፣
ስልኩ ከትከሻዬ፣ ከጆሮዬ ሥር፣
ኮፒ ማሽኑ ደግሞ በወረቀት ታንቆ፣
ልጄ ከባንኮኒው ሥር እግሬ ላይ ተጣብቆ፣
«ማሚ፣ ሰባት በስምንት?»
«ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ አራት።»
ወረፋ የያዙት፣ «አንድ አይደለች፣» ይላሉ፣ «አራት!»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይለኝ ነበረ፤
ከአንገቴ በላይ ራስ የተጨመረ፣
ከትከሻዬም እጅ፣ ይመስለኝ ነበረ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት አቶ ላንቃሞ መጡ፣
መረብ ጠጋኝ ናቸው፤ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።
ጀልባ ሸጠው ነበር፣ ዶልቃ ለሚባል ሰው፤
ጀልባው አሞራ ገደል ዓሣ ያጠምዳል፣
ብሩ የውሃ ሽታ ሆኖ ነው የቀረው።
እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣
ሻሸመኔ ላለ ሰው ብር እልካለሁ፣
አከራዬን በስልክ «ነገ፣ ነገ» እላለሁ።
ጨረስኩ። አተምኩ። አውራ ጣታቸውን
ቀለም አስነክሬ አስፈረምኩ ቃላቸውን።

ማንበብ አይችሉም።
እኔም አላነበብኩትም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ።
የመዝገብ ቤቱ ልጅ ስቆ ነው የሸኛቸው፦
«አባቴ፣ ከሳሽ ዶልቃ ነው፣ ተከሳሹ እርስዎ ነዎት፤
በገዛ ጀልባዎ ራስዎን ከሰሱት!»

ሊጮሁብኝ ነው ስል፣ ምንም አልተናገሩ፤
ከማዳበሪያ ከረጢት መረብ አወጡና
እዚያው በርጩማው ላይ መጠገን ጀመሩ።
ቆይተው ነው እንጂ፦
«ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ
ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»
«ያንድ ዛፍ ፍሬ ግን ኪራይ አይከፍልም፣» አልኳቸው።
«ደግሞ እርስዎስ ቢሆን? እጅዎ ይቋጥራል፣
ዓይንዎ ባጃጅ ያያል፣ አፍዎ ይመክራል።»

ሳቁ። እጃቸው ግን አላቆመም።
«እጄ ሥራውን ያውቃል፣ አፌን አያማክርም።
ቋጠሮው ሲጠፋኝ ነው ዝም የምለው።»
ወዲያው ጠፋቸው መሰል፣ ዝም አሉ።

እውነት ነው፣ እኔም ብዙ ነገር ባንዴ እችላለሁ፤
ወረቀት እየደረደርኩ አንጎራጉራለሁ፣
ላሚኔቱ እስኪግል ሽንኩርት እልጣለሁ።
ሽንኩርት ግን የሚያስለቅሰው የላጠውን ነው፤
የሰው ስም የተሳተ እንደሆን፣ ባለቤቱን ነው።

ሁለቱንም ስልኮች መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።
ከሳሽ፦ ላንቃሞ ሁሪሶ። በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ።
ተከሳሽ፦ ዶልቃ ዳና። ደግሜ አነበብኩ።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
በዚያች አሥራ አንድ ደቂቃ
ሦስት ደንበኛ ወደ ማዶ ሱቅ ሲሻገር አይቻለሁ፤
ልቤም አብሮ ተሻግሯል፣ ምን እዋሻለሁ?

ማታ ሒሳብ ስዘጋ ከሌላው ቀን ጎደለ፤
የማረሚያውን ዋጋ አልተቀበልኩም፣ እሱም አለ።
ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ደብተሩን ገለጠ፦
የመምህሯ ቀይ እስክሪብቶ
ሃምሳ አራቴ ላይ ቆሟል፣ እንደ አባ ኮዳ፣
ቀጭን እግሩን ዘርግቶ።

«ሃምሳ ስድስት ነው አሉኝ፣» አለ፣ ቂም ሳይዝ።
«ሃምሳ አራትስ ታዲያ የማን ነው?»
መሳቢያው ውስጥ ስልኩ ይንጫጫል።
«የስድስት በዘጠኝ፣» አልኩት ቆይቼ።
መልሱስ ልክ ነበረ፤
ሌላ ሰው ደጃፍ ነው የጣልኩት፣ ቸኩዬ።

መብራቱን አጠፋሁ።
ስልኩ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይጠራል፣
አንዱ እጄ ቁልፉ ላይ፣ አንዱ በልጄ እጅ ውስጥ፤
ሦስተኛውን ፈለግኩት፣ ያን የተጨመረውን፣
አጣሁት።
ይጥራ፣ አልኩ።
እስከ አደባባዩ ድረስ ጠራ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፤
እዚያ ስንደርስ አነሳሁት።