የዘበኛ አንጀት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ አብቅቶ
ጭቃው ሲጀምር፣
ጋሽ ድሪብሳ ደጁ፣ አሮጌ ጎማ ላይ፣
ሐኪሟ የሣለችለትን ወረቀት ዘርግቶ፤
በእስክሪብቶ አንጀት፣ እንደ ቧንቧ የታጠፈ፣
በቧንቧው ግድግዳ አንዲት ነጥብ፣
በነጥቧ ዙሪያ ሌላ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣
መንደር የሚያህል ሕዝብ።

«ዕጢ» አለችኝ፣ አለ፣ «ብቻውን አይኖርም፤
ጎረቤት ካልያዘ ውሎ አያድርም።
አንዱ አጥር ያጥርለታል፣
አንዱ የደም መስመር በሌሊት ጠልፎ ይቀጥልለታል፤
ቁስል ጠግን ተብሎ የተጠራው ግንበኛ
ቁስሉን ትቶ ለእሱ ካብ ሲክብ ያድራል።»
«ታዲያ» አልኳት፣ «በዚህ ሁሉ መሀል
የለም ወይ ዘበኛ?»

«አለ» አለችኝ። «ሞልቷል። በሩ ላይ ቆሟል።
ዕጢው ግን በጆሮው አንዳች ነገር ሹክ ብሎታል፤
ዱላውን አስደግፎ ፊቱን ወደ ዳገቱ መልሷል።
አንዳንዱማ፣
ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ለዕጢው ስንቅ ያቀብላል።»

ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን ያዘ።
«ሠላሳ ዓመት የሰው ብሎኬት ስቆጥር
አንዲት ሳትጎድልብኝ፣
የራሴ ዘበኞች… እዚህ… ተኙብኝ!»

እኔ ግን አንዲት ሌሊት አውቃለሁ።
አልተናገርኩም።

ያኔ ይህ ሁሉ የጤፍ ቃርሚያ ነበር፣
መሬቱ የማኅበር፣ ጠባቂው እሱ።
እናቴ ዘነቡ ሚስማር በጥርሷ ነክሳ፣
አራት ቆርቆሮ፣ ሰባት አጣና፣
እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አንዱን አጣና ይዤ፤
የጨረቃ ቤት።
የባትሪው ብርሃን መጣ። እጇ ላይ ቆመ።
ከእጇ ወደ እኔ ዞረ።
ጠፋ።
አንዴ ሳለና ፊቱን ወደ ዳገቱ አዞረ።

ሲነጋ ደንብ አስከባሪው፣ «ይህ ደግሞ መቼ በቀለ?»
«ኧረ ድሮም ነበረ» አለ።

ያን ለት የራራው አንጀት
ይኸው፣ በእስክሪብቶ፣ ወረቀቱ ላይ።

ዘበኛ የሚቀሰቅስ መድኃኒት አለ ብላዋለች፤
ለሁሉም አይሆንም።
የአንዳንዱ ዕጢ አጥሩ ወፍራም ነው፣ ጥሪ አያሰማም።
የእሱ ናሙና ሄዷል፣ ውጤቱ ማክሰኞ ነው።
ታክሲውን እኔ እከፍላለሁ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና
«ጣሪያችሁ ዛሬም ያፈሳል?» አለኝ።
«ያፈሳል። ግን ቆሟል።»

በሆዱ ያሉትን ቀስቅሱልኝ፣
ስማቸውን እየጠራችሁ፣ አንድ በአንድ።
የዚያን ሌሊቱን ግን
ተዉት፤
ይተኛ።