ላሜራ

ከኤስኬል ከወጣን ሁለት ሰዓት ሞላን፣
እኔና አባቴ፣ ዝምታ ተጭነን፤
ዶን ኤውሴቢዮ መሪውን ጨብጦ፣
እኔ መስኮት ይዤ፣ ወሬያችን ተቆርጦ።
ጠቡ የበጎቹ ነው። “ይሸጡ” አልኩኝ፣
“ሳልሞት?” አለ እሱ። ከዚያ ወዲያ ዘጋኝ።

ፓታጎኒያ ሜዳው ትናንት የተሸለተ በግ፤
ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ለንፋስ እንኳን ጥግ።
ከፊታችን ካሚዮን ሱፍ ቆልሎ ጭኖ፣
መንገዱን ደበቀው አቧራው ጉም ሆኖ፤
ድንገት የኋላ ጎማው ተላጠ፣ ተበጠሰ፣
እንደ ተፈታ ቀበቶ አየር ላይ ተላወሰ።
ሾፌሩ አላወቀም፤ በመስኮት ሲጋራ ያራግፋል፤
ፊተኛው የጣለው ሁልጊዜ ኋለኛውን ያገኛል።

ኳ!
አንድ ጊዜ። ከዚያ ሁለቴ።
ከዚያ እንደ ቆርቆሮ ሳቅ፣ ከወንበሬ ሥር፣ ከአጥንቴ።

አባቴ ዝም። እኔም ዝም። መኪናዋ ግን ተናገረች፤
ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል፣ ኳ... አንዳንዴም አቃሰተች።
ዳገት ላይ ታጉረመርማለች፣ ቁልቁለት ላይ ታፏጫለች፣
ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ጭጭ፣ ምንም እንዳልሆነች።
ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንዲህ ሄድን።
በሆዴ ቆጠርኩ፤ ድምፁን፣ ገንዘቡን፣ የቀረውን መንገድ፣ ሁሉን፤
ዕዳዋ ያላለቀ መኪና ናት፣ ገና ስድስት ወር የቀራት፣
የፊት መብራቷን አምና ጓናኮ ዘሎ የመታት።

“ማርሚታው ነው” አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፤
ድምፁን ከሰማሁ ቀኑ ሆኖ ነበር ስልሳ።
“ኩሽኔታ ነው” አልኩት።
“ኩሽኔታ ያጉረመርማል እንጂ አያጨበጭብም።”
“ማርሚታም ቢሆን ይጮሃል እንጂ አይንቀጫቀጭም።”
“ማን አስተማረሽ?”
“አንተ።”
ጥቂት አሰበ። “እኔ እንዲህ አላልኩም።”
ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ካቻቢቴውን ከሞተሩ ወደ ጆሮዬ አስደግፎ፣
“ብረት አይዋሽም፣ ስሚው” ያለኝ፣ ጣቱን አፉ ላይ አሳርፎ።

አቆመ። በሩን ሲከፍት ንፋሱ ሊነጥቀው ቃጣ፤
ኮፍያው በረረ፤ አልተከተለውም፣ አልተቆጣ።
በሰባ አንድ ዓመቱ ጠጠሩ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ገባ።
እግሮቹ ብቻ ቀሩኝ፤ ካልሲው ግራና ቀኙ የተለያየ ነው፤
እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥንዱን የሚፈልግ የለው።

“ነይ እዪው” አለኝ።
ገባሁ። ዘይትና አፈር ይሸታል። ጎን ለጎን ተኛን፤
ከላያችን የብረት ጣሪያ፣ ትኩስ፣ እየተንጣጣ የሚተነፍስብን።
አንዲት ስስ ላሜራ፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣
ጎማው ገንጥሏት፣ በአንድ ብሎን ተንጠልጥላ ስትንቀጠቀጥ።
“ይቺ ናት?”
“ይቺ ናት።”
“ይቺን ለምታህል?”

ሽቦ ከአጥር ቆረጠ፤ የማን አጥር እንደሆነ አልጠየቅሁም፤
“ያዥ” አለኝ፣ ያዝኩ፤ አቃጠለኝ፣ አልለቀቅሁም።
አሰራት፣ እንደ ጠቦት እግር፣ ሁለቴ ጠምዝዞ፤
በሱሪው ጠረገው፣ ጣቱ ደም ይዞ።

ተነሣን። መኪናዋ ጸጥ አለች። ያኔ ነው የፈራሁ፤
የድሮው ዝምታ ተመልሶ ሊገባ ነው ብዬ ሰጋሁ።
መገንጠያው ላይ፣ ከግራው ቸርኬ ውስጥ፣ ጭር፣ ጭር፤
በጥርስ መካከል እንደ ቀረች አንዲት ጠጠር።
“ሰማሽ?”
“ሰማሁ።”
“ላውጣት?”
“ትቆይ” አልኩት።
ጥቂት ሄድን። ሜዳው ያው ነው፤ ንፋሱም ያው፣ የማይሰክን፣ የሚዞር።
“ስንቱን ነው ይሸጡ ያልሽው?” አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።