አንዲት ፊደል ጎድላ

ብሔራዊ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ።
የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ወሰዱ፣
«ይቅናሽ» አሉኝና ቁልፉን ጥለው ሄዱ።
ዐሥራ ሁለት ወንበር፣ አንዱ እግሩ የላላ፣
ሰሌዳ፣ ጠመኔ፤ ምንም የለኝ ሌላ።
ባነር ግን አሳተምኩ፣ የሁለት ሜትር ጨርቅ፣
«የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና» የሚል፣ የሚነበብ ከሩቅ።
ሰቅዬው ስወርድ ነው ጉዱን ያየሁበት፦
ከእንግሊዝኛው መሃል አንዲት «አይ» የለችበት።
አታሚው ጋ ሄድኩኝ። አታሚው ምን ይላል፦
«ከታክሲ ላይ ሆኖ ፊደል ማን ይቆጥራል?
ይታተም ካልሽማ ሌላ ሂሳብ ይኖራል።»

ሌላ ሂሳብ አልነበረኝም።

ሰኞ ሰባት ሰው መጣ። ከፊት ጋሽ ተካበ ናቸው፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት በማስተማር ያለፋቸው፣
ጡረታም ወጥተው ክራቫት ከአንገታቸው፣
ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው።
ከጎናቸው ስምረት፤ የምትሠራበት ቤት
አማርኛ ላወራ ልጅ ያስከፍላል ቅጣት።
ሌሎቹ ወጣቶች፣ ከበሩ ጀምረው
«ሰርተፊኬቱ መቼ ነው?» የሚሉ ደፍረው።

መጽሐፍ አልከፈትኩም። ወደ ደረጃው ጮህኩና
መጡ ዱላቸውን ይዘው፣ ዘበኛው፣ ጋሽ አንጁሎ ዳና።
ውላችን እንዲህ ነበር፦ ለአንድ ሙሉ ሰዓት
ወላይትኛ ብቻ፤ አማርኛ የለበት።
(አማርኛም ለእሳቸው ተጨማሪ ቋንቋ ነው፤
ሰርተፊኬት የሰጣቸው የለም።)

«ዴንዳ!» አሉ።
ማንም ንቅንቅ አላለም። ከታች የታክሲ ረዳት
«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው!» ይላል።
«ዴንዳ!» መዳፋቸውን ከጉልበት ወደ ደረት አነሡ።
ስምረት ገባት፤ ቆመች። ወጣቶቹ ተከተሏት።
ጋሽ ተካበ በጎን አጮልቀው አዩ፣
ልክ እንደሚኮርጅ ተማሪ፣
ዘግይተው ቆሙ።
«ኡታ!» ሲባል ሁሉም ተቀመጠ፤
እሳቸው ብቻ ቆመው ቀሩ።
ሳቅ ሆነ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሰሌዳው ወገን የሰሙት ሳቅ
ዛሬ ከዚህኛው ወገን ጆሯቸውን አቀላው።

ጋሽ አንጁሎ አልሳቁም፤ ቀይ እስክሪብቶ የላቸው።
ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ ደግሞ ተቀመጡ፤
በየመሃሉ «ኡታ» እያሉ፣ በለሆሳስ፣
ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ምስጢር ይመስል።
ከዚያ የላስቲክ ጠርሙሳቸውን አወጡ፤ ነቀነቁት፦
«ሃታ።»
የጋሽ ተካበ ከንፈር ሁለቴ ሞከረ።
«...ሃታ?»
ጠርሙሱ ተሰጣቸው። ጠጡ።
ግማሹን ጨረሱት።

ስለ ማስተማር ዘዴ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሰባት ገጽ።
አላነበብኩትም።
ስምረት «ቅጣቱ ሃያ ብር ነው» አለች፣
ለማንም ሳይሆን፣ ወደ መስኮቱ።

ማታ ስንወርድ ጋሽ ተካበ ከባነሩ ሥር ቆሙ።
«ጠዋትም አይቻት ነበር፤ እጄን ሲበላኝ ዋለ።
በነሱ አፍ እኮ ያቺ ፊደል
ለብቻዋ ስትቆም ‹እኔ› ማለት ናት።
ተዪያት፤ ለጊዜው ጎድላ ትቆይ።»

በሩ ላይ ጋሽ አንጁሎ ለሌሊቱ ካፖርታቸውን ደርበዋል።
ጋሽ ተካበ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ የስንብት ቃል ፈለጉ፤
አፋቸው ላይ ያለችው አንዲት ብቻ ናት፦
«ሃታ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው።

ዘበኛው አላረሟቸውም።
«ሃታ» አሉ፣ እጃቸውን አንሥተው።